ቡራቅና ቀለበቱ

በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር




የዝግጅት ኮሚቴው ለዚህ ዓመት ስብሰባችን ከሙያችን ክልል ወጣ ያለ፣ ነገር ግን ለሙያችን የሚበጅ አንድ ንግግር እንዳዘጋጅ በጠየቀኝ ጊዜ ስለ ቡራቅ ለመናገር መረጥሁ። ቡራቅ በእስልምና ትውፊት መሠረት ነቢዩ ሙሐመድ ከመካ ወደ ኢየሩሳሌም ባደረጉት የሌሊት ጉዞ የተቀመጡበት እንስሳ ነው። ከመካከላችን ይህን ታሪክ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲሰማ ያደገ አለ፤ ስሙን ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማም ይኖራል። ንግግሬ ለሁለቱም ወገን እንዲሆን ለማድረግ ሞክሬአለሁ።

ስለ ሃይማኖት ትምህርት ለመናገር ሥልጣኑ የለኝም፤ ያ የሊቃውንቱ ድርሻ ነው። እኔ ይዤ የቀረብሁት አንድ መሐንዲስ ሊጠይቀው የሚገባውን ጥያቄ ብቻ ነው፤ ይኸውም፦ ጽሑፉ ምን አለ? ሠዓሊው ምን ሣለ? በሁለቱ መካከል የጎደለውና የተጨመረው ምንድን ነው? የሚል ነው። በቃል የተሰጠንን ወደ ንድፍ፣ ንድፉንም ወደ ግዙፍ ነገር መለወጥ የየዕለት ሥራችን ስለ ሆነ፣ ይህ ጥያቄ ለእኛ እንግዳ አይደለም።

ብዙ ሙስሊሞች የነቢዩን መልክ በሥዕል ማሳየት ተገቢ አይደለም ብለው ስለሚያምኑ፣ ሥዕሎቹን በመጋረጃ ላይ አላሳይም፤ በቃል እገልጻቸዋለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ስሙ

ከስሙ እንጀምር። ቡራቅ የሚለው ስም «በርቅ» ከሚለው የዐረብኛ ቃል ጋር ይዛመዳል፤ በርቅ ማለት መብረቅ ነው። የእኛ አገር ሰው ይህን ለመረዳት መዝገበ ቃላት መግለጥ አያስፈልገውም። በግዕዝ በረቀ፣ መብረቅ እንላለን፤ በአማርኛም ጠመንጃው ባረቀ እንላለን፤ ሥሩ አንድ ነው።

የጉዞው የመጀመሪያ ክፍል፣ ከመካ እስከ ኢየሩሳሌም ያለው፣ ኢስራእ ይባላል። ሁለተኛው ክፍል፣ ከኢየሩሳሌም ወደ ሰባቱ ሰማያት ያለው፣ ሚዕራጅ ይባላል። ሚዕራጅ መወጣጫ፣ መሰላል ማለት ነው፤ የዐረብኛው ሥር ከግዕዙ ዐርገ ጋር ስለሚገጥም፣ ዕርገትና ማዕርግ የሚሉት ቃሎቻችን የሚዕራጅ ዘመዶች ናቸው። እንግዲህ ታሪኩ በሁለት ቃላት ላይ የቆመ ነው፤ አንደኛው መብረቅ፣ ሁለተኛው መሰላል። አንደኛው ፍጥነትን ይናገራል፤ ሁለተኛው ደረጃ በደረጃ መውጣትን። ይህን ልዩነት በአእምሯችን እንያዝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ወደ ሰማይ የመውጣት ታሪክ ለአገራችን ሥነ ጽሑፍ አዲስ ነገር አይደለም። ዕርገተ ኢሳይያስ የተባለው ጥንታዊ መጽሐፍ ሙሉ ሆኖ እስከ ዘመናችን የደረሰው በግዕዝ ብቻ ነው፤ በዚያም ነቢዩ በመልአክ እየተመራ ሰባቱን ሰማያት ሲያልፍ እናነባለን። ኤልያስም በእሳት ሠረገላ ታጅቦ ማረጉን እናውቃለን። ነገር ግን ኢሳይያስ የሚቀመጥበት እንስሳ የለውም፤ የኤልያስም ፈረሶች እሳት ከመሆናቸው በቀር ጠባያቸው አልተነገረም። ቡራቅን ልዩ የሚያደርገው እንስሳው ራሱ ጠባይ ያለው መሆኑ ነው፤ እምቢ ይላል፣ ያፍራል፣ ያልበዋል፣ ይታሰራል።

ጽሑፉ የሚሰጠን

ቅዱስ ቁርኣን በ17ኛው ምዕራፍ የመጀመሪያ አንቀጽ የሌሊቱን ጉዞ ይጠቅሳል፤ ስለ እንስሳው ግን አንዳች አያነሣም። ቡራቅ የሚገኘው በሐዲስ፣ ማለት ስለ ነቢዩ ቃልና ሥራ በሰንሰለት በተላለፉት ዘገባዎች ውስጥ ነው። ከእነዚህ ስብስቦች መካከል እጅግ የታመኑ የሚባሉት በ870 ያረፉት የቡኻሪና በ875 ያረፉት የሙስሊም ስብስቦች ናቸው። በእነርሱ ዘንድ የእንስሳው መግለጫ በጣም አጭር ነው። መልኩ ነጭ ነው፤ ቁመናው ከአህያ ከፍ ያለ ከበቅሎ ዝቅ ያለ ነው፤ ኮቴውን የሚያሳርፈውም ዓይኑ በሚደርስበት መጨረሻ ላይ ነው።

መግለጫው ይኸው ነው። እንደ ሥራ ውል ዝርዝር ብንመለከተው ሦስት ነጥቦች ብቻ አሉት፤ ቀለም፣ መጠን፣ ችሎታ። ስለ ሰው ፊት፣ ስለ ወርቅ ዘውድ፣ ስለ ጣዎስ ጅራት የሚናገር ነገር የለበትም።

ከእነዚህ ስብስቦች ቀደም ብሎ በኢብን ኢስሐቅ ተጽፎ በኢብን ሂሻም በተዘጋጀው የነቢዩ የሕይወት ታሪክ ውስጥ ጥቂት ተጨማሪ ነገር እናገኛለን። በዚያ እንስሳው በጭኖቹ ላይ ሁለት ክንፎች አሉት። ክንፎቹ ግን እንደ ወፍ ክንፍ አየር የሚቀዝፉ አይደሉም፤ እግሮቹን ወደ ፊት የሚገፋባቸው ናቸው። ስለዚህ በዚህም ዘገባ ቢሆን ቡራቅ ተራማጅ እንጂ በራሪ አልተባለም። በዚሁ መጽሐፍ ነቢዩ ሊቀመጡበት በቀረቡ ጊዜ እንስሳው እንዳስቸገረ፣ መልአኩ ጂብሪልም እጁን በጋማው ላይ አድርጎ ከእርሳቸው የከበረ ሰው ተቀምጦበት እንደማያውቅ በነገረው ጊዜ አፍሮ ላብ እስኪያጠምቀው ድረስ ጸጥ ብሎ እንደ ቆመ ተጽፏል።

የሰው መልክ በጽሑፍ ብቅ ማለት የሚጀምረው ዘግይቶ ነው። በ1035 ያረፉት አስ-ሠዕለቢ በነቢያት ታሪካቸው ውስጥ ጉንጩ የሰው ጉንጭ እንደሚመስል ጽፈዋል። ጉንጭ ብቻ ነው፤ የቀረውን የሞሉት ሠዓሊዎች ናቸው።

የእርምጃው ሕግ

ሠዓሊዎቹን ከመጠየቃችን በፊት ግን በሦስተኛው ነጥብ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ለአንድ መሐንዲስ እጅግ የሚማርከው እርሱ ነውና። ጽሑፉ የእንስሳውን ፍጥነት በቁጥር አይሰጠንም። የሚሰጠን ሁለት ነገሮችን የሚያገናኝ ሕግ ነው፤ የእርምጃው ርዝመት ከእይታው ርቀት ጋር እኩል ነው።

ለሙከራ ያህል ብናሰላው፣ ዓይኑ ከመሬት 1.5 ሜትር ከፍ ያለ እንስሳ በሜዳ ላይ ሲቆም አድማሱ 4.4 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከመካ እስከ ኢየሩሳሌም በቀጥታ መስመር ከ1,200 ኪሎ ሜትር ጥቂት ይበልጣል። እንግዲህ መንገዱ ሁሉ ሜዳ ቢሆን ጉዞው በ280 እርምጃ ያህል ያልቃል ማለት ነው። ነገር ግን እንስሳው ወደ አንድ ተራራ ወጥቶ ከሜዳው 1,500 ሜትር ከፍ ቢል አድማሱ ወደ 138 ኪሎ ሜትር ይሰፋል፤ ከዚያ ላይ የሚራመደው እርምጃም ያንኑ ያህል ይሆናል። በሸለቆ ውስጥ ሲሆን ደግሞ እርምጃው ያጥራል። ከፍ ያለ ብዙ ያያል፤ ብዙ ያየ ሩቅ ይራመዳል።

ይህን የምለው ተአምርን በሒሳብ ለመለካት አይደለም። ታሪኩ ራሱ ሰሚዎቹ ርቀቱን ያውቁ እንደ ነበረ ይነግረናል፤ የቁረይሽ ሰዎች ቅፍለት ወደዚያ ለመሄድ አንድ ወር፣ ለመመለስም አንድ ወር ይፈጅበታል ብለው ተከራክረዋል። እኔ ላሳይ የምፈልገው መግለጫው ምን ያህል ጥንቃቄ የተሞላበት መሆኑን ነው። እንስሳው እንደ መብረቅ ፈጣን ነው፤ ሆኖም ያላየው ቦታ ላይ አይረግጥም። እርምጃው ከእይታው አይቀድምም። ፍጥነቱን የሚወስነው ጉልበቱ ሳይሆን ዓይኑ ነው።

ሠዓሊዎቹ

አሁን ወደ ሥዕሎቹ እንሂድ። እነዚህ ሥዕሎች በመስጊድ ግድግዳ ላይ የተሠሩ አይደሉም፤ ለነገሥታትና ለመኳንንት በተዘጋጁ፣ በወረቀት ላይ በእጅ በተጻፉ መጻሕፍት ውስጥ የሚገኙ ናቸው።

ከጥንታዊዎቹ አንዱ የተሠራው በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በታብሪዝ ከተማ ነው። በፋርስ የነገሡት ሞንጎሎች ዋና ሹም የነበሩት፣ በሙያቸው ሐኪም የሆኑት ረሺድ አድ-ዲን በከተማው ዳር ረብዕ-ኢ ረሺዲ የተባለ ሰፊ ሠፈር አቋቋሙ። ለሠፈሩ ባጻፉት የወቅፍ ሰነድ መጻሕፍት በየዓመቱ በዐረብኛና በፋርስኛ እንዲገለበጡ ደነገጉ፤ በዛሬ አነጋገር የምርት ዕቅድ አወጡ ልንል እንችላለን። ረሺድ አድ-ዲን በ1318 ተከሰው ተገደሉ። ካዘጋጁት ታላቅ የዓለም ታሪክ መጽሐፍ የዐረብኛው ቅጂ አንዱ ክፍል ዛሬ በኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። በዚያ ውስጥ ቡራቅ የሰው ራስ ኖሮት ይታያል። ከሁሉ የሚያስገርመው ግን ጅራቱ ነው፤ የጅራቱ ጫፍ ሰይፍና ጋሻ የያዘ ከወገብ በላይ ያለ ሰው ሆኖ ያበቃል። እስካሁን ካየናቸው ጽሑፎች ይህን ያዘዘ የለም። ሠዓሊው እንዲህ ላለ ጉዞ የኋላ ጠባቂ ያስፈልጋል ብሎ ያሰበ ይመስላል።

በዚያው ክፍለ ዘመን አሕመድ ሙሳ ለተባለው ሠዓሊ የሚሰጡ፣ ዛሬ በኢስታንቡል በቶፕካፒ ቤተ መንግሥት የሚገኙ የሚዕራጅ ሥዕሎች አሉ። ከእነዚህ በአንዳንዶቹ እንስሳው ጭራሽ የለም፤ ነቢዩን በትከሻው የተሸከማቸው ጂብሪል ራሱ ነው። ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ቀደም ብዬ ባነሣሁት በኢብን ኢስሐቅ መጽሐፍ ካሉት ዘገባዎች በአንዱ መሠረት ቡራቅ የሚያደርሰው እስከ ኢየሩሳሌም ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ለነቢዩ መሰላል ቀረበላቸው። በቡኻሪ ዘገባ ግን እንስሳው ወደ ሰማይም አድርሷል። እንግዲህ መብረቁ የት ቆሞ መሰላሉ ከየት ይጀምራል በሚለው ላይ ዘገባዎቹ ይለያያሉ፤ ሠዓሊዎቹም እንዲሁ።

ከሁሉ የሰፋው ሥራ በ1436 ገደማ በሄራት ከተማ፣ በሻህ ሩኽ ዘመን የተሠራው የሚዕራጅ መጽሐፍ ነው። ጽሑፉ በቱርክኛ ቋንቋ በጫጋታይ ዘዬ የተዘጋጀ ሲሆን የተጻፈበት ፊደል ከላይ ወደ ታች የሚወርደው የኡይጉር ፊደል ነው፤ ጸሐፊው ማሊክ ባኽሺ ይባላል። ወደ 60 የሚጠጉ ሥዕሎች አሉት። ፈረንሳዊው አንቷን ጋላን በ1673 በቁስጥንጥንያ ገዝቶ ወደ አገሩ ላከው። ኋላም ፓቬ ደ ኩርቴይ የተባለ ሊቅ አንብቦ በ1882 አሳተመው። ዛሬ በፓሪስ በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል።

በዚህ መጽሐፍ ቡራቅ የወርቅ ዘውድ የደፋች ሴት ፊት አለው፤ ክንፍ ግን የለውም። ሰማዩ ጥልቅ ሰማያዊ ነው፤ በነቢዩ ዙሪያ የወርቅ ነበልባል ይንቦገቦጋል። እንስሳው ገጽ በገጽ አዲስ ትርኢት ፊት ይደርሳል። በአንዱ ገጽ እግሩ በመጀመሪያው ሰማይ ሆኖ ኩክኒው እስከ ዙፋኑ የሚደርስ ነጭ የአውራ ዶሮ መልአክ አለ። በሌላው ግማሽ አካሉ እሳት፣ ግማሽ አካሉ በረዶ የሆነ መልአክ አለ፤ እሳቱ በረዶውን አያቀልጥም፣ በረዶውም እሳቱን አያጠፋም። የሙቀት ጉዳይ የሚያጠኑ ባልደረቦቼ ሊያስቡበት ይችላሉ። በነዚህ ሁሉ መካከል ቡራቅ እንደ አውሬ አይጋልብም፤ ደርሶ ይቆማል፤ ጌታው ሲያይ ይጠብቃል።

የመጨረሻው ምሳሌዬ በታብሪዝ ከ1539 እስከ 1543 ለሻህ ጠህማስፕ የተዘጋጀው የገጣሚው የኒዛሚ ድርሰቶች ስብስብ ነው፤ ዛሬ በለንደን በብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። በውስጡ ያለው የሚዕራጅ ሥዕል ለሡልጣን ሙሐመድ የሚሰጥ ሲሆን፣ በፋርስ የሥዕል ጥበብ ከታላላቆቹ አንዱ ተብሎ ይቆጠራል። የነቢዩ ፊት በነጭ መሸፈኛ ተጋርዷል፤ ነበልባሉ ወደ ላይ ይነሣል፤ መላእክት ስጦታ ይዘው በክብ ይከቡዋቸዋል፤ ነጫጭ ደመናዎች ከበታች ይጠመዘዛሉ። ቡራቅ እዚህም የሰው ፊት አለው፤ ክንፍ የለውም።

የእነዚህን ሠዓሊዎች ሥራ ከጽሑፉ ጋር ስናስተያየው ምን እናገኛለን? በመጀመሪያ፣ አህያው ጠፍቷል። ጽሑፉ በአህያና በበቅሎ መካከል ያለ ትሑት መጠን ሰጠን፤ ሥዕሉ ግን ሸንቃጣ የቤተ መንግሥት ፈረስ ሊያደርገው ይሞክራል። በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች የሚለውን ተረታችንን ያስታውሰናል፤ በአህያው በኩል ያለው ዝምድና ለንጉሥ መጽሐፍ የሚመጥን አልመሰላቸውም። በዘመናት ሂደት፣ በተለይም በሕንድ ክፍለ አህጉር፣ ሰፋፊ ክንፎችና የጣዎስ ጅራት ተጨመሩለት። ዛሬ በፓኪስታን የጭነት መኪናዎች ላይ በደማቅ ቀለም የሚሣለው ይህ ነው። አብዛኛው ሰው ቡራቅ ሲባል የሚታየውም ጽሑፉ የሰጠው ሳይሆን ሠዓሊ የጨመረው ነው።

ይሁን እንጂ ሁሉም ጭማሪ ባዶ ጌጥ ነው ለማለት አልደፍርም። የሰውን ፊት እንውሰድ። እርምጃው በእይታው የሚለካ እንስሳ ለመሣል የተነሣ ሰው ፍጥነትን ከመሣል ይልቅ ማየትን መሣል አለበት። የእንስሳ ዓይን በጎንና በጎን ስለሆነ ማስተዋልን አያሳይም፤ የሰው ፊት ግን ይመለከታል፣ ያስተውላል። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቃን ሁለት ዓይናቸው እየታየ፣ ርኩሳን ግን በጎን በአንድ ዓይን እንደሚሣሉ እናውቃለን፤ ሠዓሊዎቻችንም በዓይን ጠባይን ይገልጹ ነበር። የሄራትና የታብሪዝ ሠዓሊዎች ክንፉን ትተው ፊቱን የመረጡት የእርምጃውን ሕግ ስለ ተረዱት ይመስለኛል። ይህ የእኔ አስተያየት ነው፤ ሥዕሎቹ ግን አይቃወሙትም።

ቀለበቱ

የበረራ ሥዕል ሊያሳየው የማይችለው አንድ ነገር አለ። በሙስሊም ስብስብ እንደ ተዘገበው ነቢዩ ኢየሩሳሌም በደረሱ ጊዜ ቡራቅን ነቢያት እንስሶቻቸውን ያስሩበት በነበረው ቀለበት አሰሩት፤ ከዚያም ገብተው ጸለዩ።

ይህን ያዳመጠ ሰው መጠየቁ አይቀርም። ከእግዚአብሔር የተላከ፣ ለመታዘዝ የተፈጠረ እንስሳ ለምን ይታሰራል? ይሸሻል ተብሎ ነውን? ጥያቄው የእኛ ዘመን ጥያቄ አይደለም። ከነቢዩ ባልደረቦች አንዱ የሆኑት ሑዘይፋ መታሰሩን አልተቀበሉም፤ አላህ ያስገዛላቸው እንስሳ ሊሸሽ ኖሯልን? ወደሚል ሐሳብ ያዘነበለ ቃል ተላልፎላቸዋል። በሌላ በኩል በ1277 ያረፉት የሶርያው ሊቅ ኢማም አን-ነወዊ የሙስሊምን ስብስብ ሲያብራሩ መታሰሩን ተቀብለው ትምህርት አወጡበት። እንደ እርሳቸው አገላለጽ፣ ከዚህ የምንማረው በነገር ሁሉ ጥንቃቄ ማድረግና በተገቢው ዘዴ መጠቀም እንደሚገባ፣ ይህንንም ማድረግ በፈጣሪ መታመንን እንደማይቀንስ ነው።

ባልደረቦቼ፣ በዚህ ቃል ላይ ቆም እንድትሉ እለምናችኋለሁ። አንድ የ13ኛው ክፍለ ዘመን የሃይማኖት ሊቅ ከመብረቅ ስሙን ካገኘ እንስሳ ታሪክ ውስጥ መርጦ ያወጣው ፍጥነቱን አይደለም፤ ማሰሪያውን ነው። እኛ በትምህርት ቤት የደኅንነት መጠን ብለን የተማርነው፣ ለድልድይ ምሰሶ ከስሌቱ በላይ የምንጨምረው ብረት፣ ለማሽኑ የምናበጅለት ፍሬን፣ ሁሉም የዚህ ቀለበት ወገን ነው። ቀለበቱ በእንስሳው ታማኝነት ላይ የተሰነዘረ ስድብ አይደለም፤ የጌታው ኃላፊነት ነው።

ቀለበቱ የሰላም ታሪክ ብቻ እንዳልሆነም መናገር ይገባል። በኢየሩሳሌም አይሁድ የምዕራብ ግንብ ብለው የሚጸልዩበት ግድግዳ፣ ቡራቅ የታሰረበት ነው ተብሎ ስለሚታመን፣ በሙስሊሞች ዘንድ የቡራቅ ግንብ ይባላል። በ1929 በዚህ ግንብ የተነሣ በተቀሰቀሰው ሁከት ከሁለቱም ወገን በጠቅላላው ከ200 የሚበልጥ ሰው አለቀ። ለጥንቃቄ የተነገረ ታሪክ ጥንቃቄ በጎደለበት ጊዜ ምን ሊሆን እንደሚችል ይህ ይመሰክራል።

የዘመናችን ቡራቅ

ስሙ በእኛ ዘመን ወደ ማሽኖች ተላልፏል። በኢንዶኔዥያ ከ1970 እስከ 2005 በዚህ ስም የሚጠራ አየር መንገድ ነበር፤ በሊቢያም አንድ አየር መንገድ በዚሁ ስም ተቋቁሟል። መንገደኛን አሳፍሮ በሰላም ለሚያደርስ ድርጅት ስሙ ይገባዋል።

ፓኪስታን ግን ቡራቅ ብላ የሰየመችው በጦር መሣሪያ የታጠቀ ሰው አልባ አውሮፕላን ነው። በ2015 ተሞከረ፤ በዚያው ዓመት በውጊያ ላይ ዋለ። የሚተኩሰውም ሚሳይል በርቅ፣ ማለት መብረቅ ይባላል። ይህን የማነሣው አንድን አገር ለመውቀስ አይደለም፤ ሌሎች መንግሥታትም ሮኬቶቻቸውን በጥንት አማልክት ስም ሲጠሩ ኖረዋል። የማነሣው እነዚህን ነገሮች የሚነድፉት እንደ እኛ ያሉ ሰዎች ስለሆኑ ነው። አስተውሉ፦ በዓይን የሚደርስበትን ሁሉ በአንድ እርምጃ የሚመታ መሣሪያ የትውፊቱን አንድ ሐረግ ቃል በቃል ፈጽሟል። የእርምጃው ርዝመት ከእይታው ርቀት ጋር እኩል ሆኗል። ነገር ግን ከታሪኩ የተወሰደው ሐረጉ ብቻ ነው፤ ዕፍረቱና ቀለበቱ ቀርተዋል። ጥንታዊው እንስሳ ማንን እንደሚሸከም ሲነገረው አልቦታል፤ ማሽን አያልበውም። ስለዚህ ዕፍረቱ በነዳፊው ዘንድ መገኘት አለበት።

ጉዳዩ የጦር መሣሪያ ብቻ እንዳይመስለን ከራሳችን የሥራ መስክ አንድ ምሳሌ ልጨምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የሕንፃ ሥራ ቦታ የደረሰ አደጋ ለማጣራት ከተላኩት አንዱ ነበርሁ። ወደ ላይ ዕቃ በሚያወጣው ማንሻ ላይ፣ የሽቦው ገመድ ቢበጠስ ጭነቱን ይዞ የሚያስቀር መቆንጠጫ ነበረ። መቆንጠጫው በየፎቁ እየያዘ ሥራ ያዘገያል ተብሎ ተፈትቶ በአንድ ጥግ ተቀምጧል። ማንሻው ከዚያ በኋላ በእርግጥ ፈጠነ፤ ለብዙ ሳምንታትም አንዳች አልሆነም። በመጨረሻ ገመዱ ተበጠሰ። ከበታች የነበረው የቀን ሠራተኛ አንድ እግሩን አጣ። ሰነዶቹን በምንመረምርበት ጊዜ መቆንጠጫው እንዲፈታ ያዘዘ አንድም ጽሑፍ አላገኘንም፤ እንዳይፈታ የተቃወመም አላገኘንም። ሁሉም ፍጥነቱን አይቷል፤ ቀለበቱን የጠየቀ አልነበረም።

እንዲህ ያለው ነገር ከክፋት የሚመጣ አይደለም። የሚመጣው ሥዕሉን ከጽሑፉ አስበልጦ ከማየት ነው። ክንፉ ያምራል፤ ዘውዱ ያበራል፤ በምረቃ ቀን የሚታየው እርሱ ነው። ቀለበቱ ግን በበር አጠገብ ያለ ተራ ብረት ነው፤ በሥዕል አይወጣም፣ አይመረቅም፣ ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ የሚሰረዘውም እርሱ ነው።

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፣

አገራችን ብዙ መንገድ፣ ብዙ ግድብ፣ ብዙ ሕንፃ ትፈልጋለች፤ ፍጠኑ የሚለን ድምፅም ትክክለኛ ድምፅ ነው። በተራራና በሸለቆ ተከፋፍሎ ለሚኖር ሕዝብ ፍጥነት ቅንጦት አይደለም፤ ሐኪም ቤት ሳትደርስ በመንገድ ላይ የምትወልድ እናት ይህን ታውቃለች። ስለዚህ ትሕትናን ሰብከን በእግር እንሂድ የምል አይደለሁም። ትውፊቱም ይህን አይልም፤ ጉዞው በአንድ ሌሊት እንዲፈጸም መብረቅን አምጥቷል። ነገር ግን ያንኑ መብረቅ በሦስት ነገሮች ገርቶታል። እርምጃውን በእይታው ወስኗል፤ ጉልበቱን በዕፍረት ለዝቧል፤ በደረሰበትም በቀለበት አስሮታል።

በሚመጣው ዓመት ንድፍ ስንፈርም እነዚህን ሦስቱን እንድንጠይቅ አደራ እላለሁ። ያላየነው መሬት ላይ፣ አፈሩን ሳንመረምር፣ ለመርገጥ እየተነሣን ይሆን? የሚሸከመው ማን እንደ ሆነ፣ ከበታቹ የሚቆመውስ ማን እንደ ሆነ አውቀናልን? ማሰሪያውስ በንድፉ ላይ አለን? ካለስ በሥራው ቦታ ላይ አለን? የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጥያቄዎች በቢሮ ተቀምጠን ልንመልሳቸው እንችል ይሆናል። ሦስተኛውን ግን ሄደን በእጃችን ካልነካነው በቀር አናውቀውም።